የቤት ባትሪ፦ እንሥራው ወይስ እንግዛው?

5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ የመብራት መቋረጥ ታሪክ ሆኖ ይቀራል የሚል ተስፋ በብዙዎች ዘንድ አድሮ ነበር። ተስፋው መሠረት የሌለው አልነበረም። ይሁን እንጂ ከጉባ የሚነሣው ኃይል የአንድን ቤት አምፖል እስኪያበራ ድረስ በከፍተኛ ማስተላለፊያ መስመር፣ በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በሰፈር ትራንስፎርመርና በምሰሶ ላይ በተዘረጋ ሽቦ ማለፍ አለበት። ከነዚህ የአንዱ መድከም ብቻውን ሰፈሩን ጨለማ ያደርገዋል። ስለዚህ የማመንጨት ዐቅሙ ቢያድግም፣ የሥርጭት መረቡ በሚገባ እስኪታደስ ድረስ፣ ኃይልን በቤት ውስጥ አከማችቶ የማቆየት ፍላጎት አብሮን ይዘልቃል።

ይህ ፍላጎት በተለይ በምሕንድስናና በተፈጥሮ ሳይንስ ባልደረቦቻችን ዘንድ አንድ ክርክር አስነሥቷል። ክርክሩ የሊቲየም ሴሎችን ለየብቻ ገዝቶ ባትሪውን በገዛ እጅ መገጣጠም ይሻላል ወይስ ተገጣጥሞና ታሽጎ የመጣውን መግዛት የሚል ነው። የመጀመሪያው ወገን ዋጋንና ዕውቀትን ያስቀድማል፤ ሁለተኛው ወገን ደኅንነትንና ዋስትናን። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው፤ ሆኖም ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው ከስሌት በፊት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም የሚከተለው ነው። ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ የሚቀመጥ የባትሪ ጥቅል፣ በታወቀ ደረጃ ተፈትሾ የተመሰከረለት ሆኖ መገዛት አለበት። የመገጣጠም ሥራ ግን መቆም የለበትም፤ ተገቢ ቦታው መፈተሻ መሣሪያ ያለበት ቤተ ሙከራ ነው። ከሁለቱም በፊት ደግሞ የፍላጎት ስሌት ይቀድማል፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም የሚድነውም በዚህ ደረጃ ነውና።

ከጥያቄው የሚቀድመው ጥያቄ

ስንት ኪሎዋት-ሰዓት ያስፈልገናል? ለማሳያ ያህል አንድ የከተማ ቤተሰብ ለ6 ሰዓት መብራት ተቋርጦበታል እንበል። 5 ባለ 9 ዋት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 225 ዋት-ሰዓት፣ 50 ዋት የሚወስዱ 2 ላፕቶፖች ለ5 ሰዓት 500 ዋት-ሰዓት፣ 80 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን ለ3 ሰዓት 240 ዋት-ሰዓት ይጠቀማሉ። 12 ዋት የሚወስድ የኢንተርኔት ራውተር ለ6 ሰዓት 72 ዋት-ሰዓት፣ በአማካይ 50 ዋት የሚወስድ ማቀዝቀዣ 300 ዋት-ሰዓት፣ 4 የእጅ ስልኮችን መሙላት ደግሞ 60 ዋት-ሰዓት ይጨምራሉ። ድምሩ 1,397 ዋት-ሰዓት ነው።

የኢንቨርተሩ ብቃት 90 ከመቶ ቢሆን ከባትሪው የሚወጣው ኃይል 1,552 ዋት-ሰዓት ይደርሳል። ባትሪው ከይዞታው 80 ከመቶ ብቻ እንዲራገፍ ብንወስን ደግሞ አስፈላጊው መጠን ወደ 1,940 ዋት-ሰዓት ከፍ ይላል። ይህን ፍላጎት 25.6 ቮልትና 100 አምፒር-ሰዓት የሆነ፣ ማለትም 2.56 ኪሎዋት-ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ በሚገባ ይሸፍነዋል። ለተመሳሳይ አገልግሎት የተለመደው የእርሳስና አሲድ ባትሪ ቢመረጥ፣ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ ማራገፍ ስለማይመከር፣ ከ3.1 ኪሎዋት-ሰዓት በላይ የሚይዝ ያስፈልጋል።

አሁን በዚሁ ስሌት ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጨምር። የእንጀራ ምጣድ በተለምዶ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ 5.25 ኪሎዋት-ሰዓት ይፈልጋል፤ ይህም ከላይ የተዘረዘሩት ዕቃዎች በሙሉ በ6 ሰዓት ከሚወስዱት አራት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። በተጨማሪም ከ25.6 ቮልት ባትሪ 152 አምፒር ያህል በተከታታይ ይስባል፤ የዚህ መጠን ያላቸው ብዙ ባትሪዎች ደግሞ 100 አምፒር ላይ ራሳቸውን ያቋርጣሉ። እንጀራን መብራት ባለበት ሰዓት ጋግሮ ማስቀመጥ ምንም ወጪ የሌለው መፍትሔ ነው፤ እንጀራን በባትሪ ለመጋገር መወሰን ግን የባትሪውን፣ የኢንቨርተሩንና የገመዱን መጠን ሁሉ ይለውጣል። አንድ ቤተሰብ ምጣዱን ከባትሪው መስመር በመነጠል የሚያድነው ገንዘብ፣ ባትሪውን በገዛ እጁ በመገጣጠም ሊያድን ከሚችለው እጅግ ይበልጣል።

ሁለተኛው ቀዳሚ ጥያቄ የመቋረጡ ድግግሞሽ ነው። መብራት በሳምንት 3 ጊዜ የሚጠፋበት ቤት በዓመት 156 የመሙላትና የማራገፍ ዙሮችን ያደርጋል። 3,000 ዙር የሚችል የሊቲየም ባትሪ በዚህ አካሄድ 19 ዓመት ያህል ይወስድበታል፤ ከዚያ አስቀድሞ ሴሎቹ ባይሠሩም በጊዜ ርዝማኔ ብቻ ያረጃሉ። ስለዚህ ለመጠባበቂያ ብቻ የሚያገለግል ባትሪ 6,000 ዙር ይችላል ተብሎ የሚጠየቅበት ተጨማሪ ዋጋ ለማይሰጠው አገልግሎት የሚከፈል ነው። በሶላር ኃይል በየቀኑ የሚሞላና የሚራገፍ ባትሪ ግን በዓመት 365 ዙር ስለሚያደርግ ያንኑ 3,000 ዙር በ8 ዓመት ይጨርሳል፤ የዙር ብዛት ዋጋ የሚያወጣውም እዚያ ላይ ነው። እስከ ግማሽ እየተራገፈ 500 ዙር የሚችል የእርሳስ ባትሪ በበኩሉ በሳምንት 3 ጊዜ መቋረጥ ባለበት ቤት ከ3 ዓመት ብዙም አያልፍም።

መገጣጠም ማለት ምን ማለት ነው?

የሊቲየም ብረት ፎስፌት ኬሚስትሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን በወጣ የምርምር ጽሑፍ የታወቀ ነው። ከጸሐፊዎቹ አንዱ የነበሩት ጆን ጉዲናፍ ለሊቲየም ባትሪ ዕድገት ባበረከቱት አስተዋጽኦ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከስታንሊ ዊቲንግሃምና ከአኪራ ዮሺኖ ጋር ተጋርተዋል። በዚህ ኬሚስትሪ ፎስፈረስና ኦክስጅን በጽኑ ትስስር ስለተያያዙ፣ ሴሉ ሲሞቅ እንደ ኮባልት ውሁዶች በቀላሉ ኦክስጅን አይለቅም። ለቤት አገልግሎት ተመራጭ የሆነበት ዋና ምክንያት ይኸው ነው።

አንዱ ሴል በተለምዶ 3.2 ቮልት ይሰጣል። 8 ሴሎች በተከታታይ ሲያያዙ 25.6 ቮልት፣ 16 ሲሆኑ 51.2 ቮልት ይሆናሉ። ከውጭ ሲታይ ሥራው ሴሎቹን በመዳብ ቁራጭ ከማያያዝ ያለፈ አይመስልም። ሆኖም የእያንዳንዱ ሴል ቮልቴጅ ሲሞላ ከ3.65 በላይ እንዳይወጣ፣ ሲራገፍም ከ2.5 በታች እንዳይወርድ መጠበቅ አለበት። በተከታታይ የተያያዙ ሴሎች ይዘታቸው እኩል ካልሆነ ደካማው ቀድሞ ይሞላል፤ ቀድሞም ያልቃል። የጠቅላላውን ጥቅል ዐቅም የሚወስነው ያ ደካማ ሴል ነው። ስለዚህ ገጣጣሚው በመጀመሪያ የእያንዳንዱን ሴል ይዘትና ውስጣዊ ተቃውሞ መለካት፣ ተቀራራቢዎቹን መምረጥ፣ ከዚያም ሁሉንም ወደ እኩል የሙላት ደረጃ ማምጣት ይጠበቅበታል። ይህ ሥራ በጥንቃቄ ሲሠራ ቀናትን ይፈጃል።

ሴሎቹን የሚቆጣጠረው የባትሪ አስተዳደር ሥርዓት የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ፣ የፍሰቱን መጠንና የሙቀቱን ደረጃ ይከታተላል፤ ከወሰን ሲያልፉም ያቋርጣል። ነገር ግን ይህ መሣሪያ የመጨረሻ ተከላካይ እንጂ የዕለት ተዕለት ተቆጣጣሪ እንዲሆን አልታሰበም። ለእርሳስ ባትሪ የተሠራ ቻርጀር በማስተካከያ ሂደቱ ለ24 ቮልት ባትሪ ከ30 ቮልት በላይ ሊሰጥ ይችላል፤ የ8 ሴል የሊቲየም ጥቅል ከፍተኛ ወሰን ግን 29.2 ቮልት ነው። በነባር ኢንቨርተር ላይ የሊቲየም ባትሪ ለመግጠም የሚነሣ ሰው ይህን ልዩነት ሳያስተካክል ቢቀር፣ የአስተዳደር ሥርዓቱን በየዕለቱ በመጨረሻው አጥር ላይ ያቆመዋል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የፍሰት ማቋረጫው ጉዳይ ነው። የአንድ 8 ሴል ጥቅል አጠቃላይ ተቃውሞ ከነማያያዣዎቹ 6 ሚሊኦም ቢሆን፣ ሁለቱ ጫፎች በስሕተት ቢገናኙ ከ4,000 አምፒር በላይ ይፈስሳል። በቤታችን ግድግዳ ላይ የሚገኘው የተለመደ ብሬከር የተሠራው ለተለዋዋጭ ፍሰት ነው። በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ተለዋዋጭ ፍሰት በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮን ስለሚያቋርጥ በመክፈቻው የሚፈጠረው ብልጭታ ቶሎ ይጠፋል። የባትሪ ቀጥተኛ ፍሰት ግን ዜሮን አያቋርጥም፤ ብልጭታው ሊቀጥልና ብሬከሩን ራሱን ሊያቀልጠው ይችላል። ስለዚህ ለቀጥተኛ ፍሰት የተሠራና ያን ያህል ፍሰት የማቋረጥ ዐቅም ያለው ፊውዝ ግዴታ ነው። ከሴሎቹ ዋጋ አንጻር ትንሽ የሆነው ይህ ዕቃ ለመተው የሚቀልም ነው፤ ጉድለቱም የሚታወቀው አደጋው በደረሰበት ቅጽበት ብቻ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተገጠመ ማያያዣም ከወራት በኋላ ላልቶ ይሞቃል።

በዚህ ላይ የአገራችን መልክዐ ምድር የራሱን ጥያቄ ያክላል። ብዙ የኢንቨርተር አምራቾች የመሣሪያቸውን ሙሉ ዐቅም የሚገልጹት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ላለ ቦታ ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ መሣሪያው እንደሚፈለገው አይቀዘቅዝም። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ሴል ከዜሮ ዲግሪ በታች ባለ ሙቀት መሞላት የለበትም፤ እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ደጋማ ቦታዎች በውርጭ ወራት ይህ ጥንቃቄ ለውጭ ግቢ ባትሪ የግድ ነው። በሰመራ ወይም በጋምቤላ ደግሞ ሙቀቱ የሴሉን ዕድሜ ያሳጥራል። የተገዛም ሆነ የተሠራ ባትሪ እነዚህን ሁኔታዎች ከግምት ማስገባት አለበት።

የዋጋው ስሌት

የመገጣጠም ደጋፊዎች ሁለት ዋጋዎችን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ፤ የሴሎቹን ዋጋና የተገጣጠመውን ባትሪ ዋጋ። ንጽጽሩ ሙሉ አይደለም። ገበያው ስለሚለዋወጥ እውነተኛ ዋጋዎችን ከመጥቀስ ይልቅ በምሳሌያዊ ቁጥር እንሥራ። የተመሰከረለት ባትሪ 100 ይሸጣል፤ ሴሎቹ 60፣ የአስተዳደር ሥርዓቱ፣ ፊውዙ፣ ገመዱና ሣጥኑ ደግሞ 18 ይፈጃሉ እንበል። በገዛ እጅ የተሠራው 78 ይሆናል፤ ቁጠባው 22 ነው።

አሁን የመበላሸትን ዕድል እንጨምር። በገዛ እጅ የተሠራው ጥቅል በሴል አለመመጣጠን ወይም በአገጣጠም ስሕተት ከጥቅም ውጭ የመሆን ዕድሉ ከተገዛው በ20 ከመቶ የሚበልጥ ከሆነ፣ የሚጠበቀው ኪሳራ የ78 አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 15.6 ይሆናል። ከቁጠባው የሚተርፈው 6.4 ብቻ ነው። የዕድሉ ልዩነት 28 ከመቶ ሲደርስ ቁጠባው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። በዚህ ስሌት ውስጥ የሥራ ሰዓት፣ የመለኪያ መሣሪያ ዋጋና የዋስትና አለመኖር ገና አልተቆጠሩም።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ትምህርት መገጣጠም ሁልጊዜ ያከስራል የሚል አይደለም። የመሣሪያው ወጪና የመሳሳት ዕድሉ በብዙ ጥቅሎች ላይ ሲከፋፈሉ ውጤቱ ይገለበጣል። አሥረኛውን ጥቅል የሚሠራ ሰው የመጀመሪያውን ከሚሠራው ያነሰ ይሳሳታል፤ መለኪያውንም አንዴ ገዝቶታል። አንድ ባትሪ ብቻ ለአንድ ቤት የሚሠራ ሰው ግን የመማሪያውን ዋጋ በሙሉ በአንዱ ጥቅል ላይ ይከፍላል፤ ያንንም የሚያስቀምጠው ልጆቹ በሚተኙበት ቤት ነው።

የውጭ ምንዛሪን በሚመለከት የሚቀርበው መከራከሪያም መመርመር ይገባዋል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ተወድዷል። በአገር ውስጥ መገጣጠም ይህን ጫና ያቀልላል ይባላል። ነገር ግን ከዋጋው ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ሴሎቹ ናቸው፤ እነርሱም የአስተዳደር ሥርዓቱም ከውጭ የሚመጡ ናቸው። በአገር ውስጥ የሚቀረው የሣጥኑና የእጅ ሥራው ዋጋ ነው። ይህ ድርሻ ዋጋ የሚያገኘው በፋብሪካ ወይም በማኅበር ደረጃ ሲሠራ እንጂ በየቤቱ ሲበታተን አይደለም።

የአደጋው ባለቤት ማን ነው?

የሊቲየም ብረት ፎስፌት ሴል ከሌሎቹ የተሻለ የተረጋጋ ቢሆንም እሳት የማይነካው አይደለም። ከመጠን በላይ ሲሞላ ወይም ውስጡ ሲጎዳ ሃይድሮጅንን ጨምሮ ተቀጣጣይና መርዛማ ጋዞችን ይለቃል። ጋዙ በዝግ ክፍል ውስጥ ተጠራቅሞ ብልጭታ ካገኘ ፍንዳታ ያስከትላል። ከአሮጌ ላፕቶፕ በተለቀሙ፣ ብዙውን ጊዜ ኮባልት ባለባቸው ሴሎች የተሠራ ጥቅል ደግሞ ከዚህ በእጅጉ የከፋ ነው፤ የአንዱ ሴል ቃጠሎ ወደ ጎረቤቱ ይዛመታልና።

አንድ ሰው ራሱን ለአደጋ የማጋለጥ መብት አለኝ ሊል ይችላል። ነገር ግን የከተማ ነዋሪዎች ብዙዎቹ የምንኖረው በኮንዶሚኒየም ወይም ግድግዳ በሚጋሩ ቤቶች ነው። በሦስተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጠ ባትሪ ሲቃጠል ጭሱ የሚወጣው አራተኛ ፎቅ ያሉት አረጋውያን በሚወርዱበት ደረጃ ነው። ጎረቤት ስለ ሴሎቹ ምርጫ አልተጠየቀም፤ የፊውዙንም ዐቅም አያውቅም። ውሳኔው የግል፣ አደጋው የጋራ በሚሆንበት ጊዜ ከግለሰብ ልበ ሙሉነት በላይ የሆነ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። እንደ አይኢሲ 62619 እና ዩኤል 1973 ያሉ ዓለም አቀፍ ደረጃዎች የተዘጋጁት ለዚህ ነው፤ ባትሪው ከመጠን በላይ ሲሞላ፣ ጫፎቹ ሲገናኙና ሲሞቅ ምን እንደሚሆን በፍተሻ ያሳያሉ። በቤት የተገጣጠመ ጥቅል ይህን ፍተሻ ሊያልፍ አይችልም፤ ፍተሻው ናሙናዎችን ስለሚያጠፋ አንድ ብቻ የሠራ ሰው የሚያቀርበው ናሙና የለውም።

የእርሳስ ባትሪን የመረጠ ሰውም ከኃላፊነት ነጻ አይደለም። ይህ ባትሪ ከመጠን በላይ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይለቃል፤ ስለዚህ አየር የሚዘዋወርበት ቦታ ይፈልጋል። ዕድሜው ሲያበቃም በየጓሮው ተሰብሮ እርሳሱ ከቀለጠ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ በአፈር ውስጥ ይቀራል። ግዢው የሚጠናቀቀው አሮጌው ባትሪ በአግባቡ ለሚያስወግድ ድርጅት ሲመለስ ነው።

የገጣጣሚዎቹ ጠንካራ መከራከሪያ

ለመገጣጠም የሚሟገቱ ባልደረቦች በቀላሉ የማይታለፍ ነጥብ አላቸው። የታሸገ ባትሪ መግዛት ራሱ በብዙ ሁኔታ በእምነት ላይ የተመሠረተ ነው ይላሉ። በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ዐቅም እውነት ላይሆን ይችላል፤ የምስክር ወረቀቱ ቅጂ የሌላ ምርት ሊሆን ይችላል፤ ዋስትና የሰጠው ነጋዴ በዓመቱ ሱቁን ሊዘጋ ይችላል። አንድ ሴል ሲደክም ደግሞ የተበየደው ሣጥን ስለማይከፈት ጥቅሉ በሙሉ ይጣላል። በገዛ እጁ የገጣጠመ ሰው ግን ውስጡን ያውቃል፤ የደከመውን ሴል ይለውጣል።

ይህ እውነት ነው። ስለሆነም የማቀርበው አቋም ማንኛውንም ባትሪ ዝም ብሎ መግዛት ማለት አይደለም። ገዢው ቢያንስ አራት ነገሮችን ይጠይቅ። የምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው የሞዴል ቁጥር ከባትሪው ቁጥር ጋር ይመሳሰል እንደሆነ፤ ሣጥኑ በብሎን የሚከፈትና ክፍሎቹ የሚለወጡ መሆናቸውን፤ የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ ማንበብ ይቻል እንደሆነ፤ ከኢንቨርተሩ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ለአንድ አምራች ብቻ የተዘጋ አለመሆኑን። እነዚህን የሚያሟላ ባትሪ የመጠገንን ጥቅም ከምስክር ወረቀት ጋር ያጣምራል።

ዐቅሙን መፈተሽም ለማንም የሚቻል ነው። 2.56 ኪሎዋት-ሰዓት ነው የተባለ ባትሪ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ በኢንቨርተር በኩል 300 ዋት የሚወስድ ቋሚ ጭነት ቢሰጠው፣ በ90 ከመቶ ብቃት ከ7 ሰዓት ተኩል በላይ መቆየት አለበት። በ5 ሰዓት ካለቀ ትክክለኛው ይዘቱ 1.7 ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ ነው፤ ገዢው ከከፈለበት አንድ ሦስተኛው የለም ማለት ነው። ይህን ፍተሻ በተገዛ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ዋስትናው ሳያልፍ ማድረግ ይገባል። ቮልቴጁን ብቻ አይቶ መፍረድ ግን ያሳስታል፤ የዚህ ኬሚስትሪ ቮልቴጅ በአብዛኛው የይዘቱ ክልል ሳይለወጥ ስለሚቆይ፣ ባትሪው ግማሽ ይሁን ሩብ በቮልቴጅ አይለይም።

መጫኑን በተመለከተ የሚጨመር ነገር አለ። ባትሪው ቢገዛም የገመዱ ውፍረት፣ የፊውዙ ቦታ፣ የመሬት ማያያዣውና ከመሥመር የሚለይበት ማብሪያ ማጥፊያ በባለሙያ መሠራት አለባቸው። በተለይ ኢንቨርተሩ መብራት በጠፋበት ጊዜ ወደ ውጭው መስመር ኃይል እንዳይመልስ ካልተደረገ፣ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

ከተመራማሪዎች የሚጠበቀው

እስካሁን የተባለው ለቤተሰብ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ግን መልሱ ተቃራኒ ነው፤ ልንሠራው ይገባል። ምክንያቱ የሚቀጥሉት ዓመታት ይዘውት የሚመጡት ጉዳይ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በመንገዶቻችን ላይ እየበዙ ነው። የመኪና ባትሪ ይዘቱ ወደ 80 ከመቶ ገደማ ሲወርድ ለመኪና አይበቃም ተብሎ ሊነሣ ይችላል፤ ለቤት መጠባበቂያ ግን ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። እነዚህ ባትሪዎች ከመኪናው ሲወጡ ሁለት ዕድል ይጠብቃቸዋል። ወይ የሚለካቸው፣ የሚመርጣቸውና በአግባቡ የሚያሽጋቸው ተቋም ይኖራል፤ ወይ በየጋራዡ ተፈትተው ምንም ሳይለኩ ወደየቤቱ ይገባሉ። ሁለተኛው ዕድል እንዳይደርስ ዕውቀቱ ከወዲሁ መገንባት አለበት፤ ዕውቀቱም የሚገነባው በመሥራት ነው።

በዚህ ረገድ ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የኤሌክትሪክ ምሕንድስናና የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍሎች በጋራ የሴል መፈተሻ ቦታ ያቋቁሙ፤ የይዘት፣ የውስጣዊ ተቃውሞና የራስ በራስ መራገፍ ልኬት ከውድ መሣሪያ ይልቅ ትዕግሥትና ሥርዓት የሚጠይቅ ሥራ በመሆኑ ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የሚመጥን ነው። ሁለተኛ፣ በገበያችን ላይ ያሉ ባትሪዎች ተገዝተው እየተፈተሹ፣ በሣጥናቸው ላይ ከተጻፈው ጋር ያላቸው ልዩነት በየጊዜው ይታተም። ይህ ውጤት ከኢትዮጵያ ስታንዳርዶች ኢንስቲትዩትና ከኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ጋር ቢጋራ ለደረጃ ዝግጅትም ይጠቅማል። ሦስተኛ፣ በከፍታችን፣ በሙቀታችንና በመቋረጡ ሁኔታ ላይ የተመሠረተ የዕድሜ ጥናት ይጀመር። በፋብሪካ የተጻፈው የዙር ብዛት በቁጥጥር ሥር ባለ ሙቀት የተለካ ነው፤ በአዳማ ወይም በጎንደር ቤት ውስጥ ያለው ግን ከዚያ ይለያል።

የመገጣጠም ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎቻችን ሊበረታቱ ይገባል። የመጀመሪያ ጥቅላቸውን በመኝታ ክፍላቸው ሳይሆን ማቋረጫ፣ እሳት ማጥፊያና የሚከታተል መምህር ባለበት ቦታ ይሥሩት። ያ ጥቅል ሲፈተሽ ቢበላሽ የሚቀረው ጽሑፍ ነው፤ በቤት ውስጥ ቢበላሽ ግን የሚቀረው ምን እንደሆነ አስቀድሞ መናገር አይቻልም።

ለማጠቃለል፣ አንድ ቤተሰብ ዛሬ መወሰን ካለበት አካሄዱ ግልጽ ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገውን ዋት-ሰዓት በወረቀት ላይ ይደምር፤ ምጣዱን ከባትሪው መስመር ያውጣ፤ መብራት በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ለአንድ ወር ይመዝግብ፤ ከዚያ ለዚያ መጠን የሚበቃ፣ የተመሰከረለትና ሊጠገን የሚችል ባትሪ ገዝቶ በመጀመሪያው ሳምንት ይፈትሸው። ተመራማሪው ደግሞ ያ ቤተሰብ የሚያምንበት የምስክር ወረቀት በአገር ውስጥ ልኬት የተደገፈ እንዲሆን ይሥራ። ገዢው የሚገዛውን ለማወቅ የሚችለው የሚለካለት ሰው ሲኖር ነውና፣ የዩኒቨርሲቲው ድርሻ ያንን ልኬት ማቅረብ ነው።